ምንሽር፣ ሞሲን፣ ሊ ኤንፊልድ ወይስ ማውዘር? የድሮ የጦር ጠመንጃ ለመግዛት ለምታስቡ

አንድ ቅዳሜ የጓደኛዬ አባት ቤቴ መጡ። ጠረጴዛው ላይ የተጋደመችውን አጭር ጠመንጃ ሲያዩ የያዙትን የቡና ስኒ አስቀመጡ። «ምንሽር!» አሉ። አንስተው አፈሙዟን ወደ መሬት አደረጉ። ከፍተው ባዶ መሆኗን በዓይናቸውም በጣታቸውም አረጋገጡ። ከዚያ ምላጯን እንደያዙ ቦልቱን፣ ማለትም ጥይት የሚያጎርሰውን ተንሸራታች ብረት፣ ስበው አወጡት። በርሜሏን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙረው በአንድ ዓይናቸው አዩ። ዋጋዋን አልጠየቁኝም። «ልጄ፣ ጥይቷ ይገኛል?» ነው ያሉኝ።

የድሮ የጦር ጠመንጃ ልትገዙ ስታስቡ እናንተም ከዚህ ጀምሩ። ብዙ ሰው መልኳን አይቶ ይወዳታል፣ ዋጋዋን ይከራከራል፣ ይገዛል። ጥይት ፍለጋ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች አምስቱን ሳወዳድር ደጋግሜ ወደ ጥይት ብመለስ አትገረሙ።

የምጽፈው አሜሪካ ለምንኖር ነው። ቅድሚያ ስለ ሕጉ ላንሳ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው በፌዴራል ሕግ ጠመንጃ መግዛት ይችላል። በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያለ ሰው ግን፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ አይችልም። ከሱቅ ስትገዙ ቅጽ ትሞላላችሁ፣ ማንነታችሁ ይጣራል። ስብስብ ውስጥ ለመግባት ለሚፈልግ ደግሞ የሰብሳቢ ፈቃድ አለ። ለሦስት ዓመት 30 ዶላር ነው፤ 21 ዓመት የሞላው ሰው ያመለክታል። ፈቃዱ 50 ዓመት ያለፋቸውንና እንደተሠሩ ያሉትን ጠመንጃዎች ከሌላ ስቴት በቀጥታ ቤታችሁ ድረስ ለማስላክ ይረዳል። የየስቴቱ ሕግ ግን ይለያያልና የራሳችሁን አጣሩ። አደራ የምለው ሌላም አለ፦ ያለ ፈቃድ ወደ አገር ቤት ይዞ መሄድ አይሞከርም። እዚህ የመላኪያ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ እዚያም በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት መሣሪያ ያለ ፈቃድ አይያዝም።

ምንሽር፦ ለልብ የምትገዛው

አገር ቤት ምንሽር የምንላት የጣሊያኗ ካርካኖ ናት። ስሙ ማንሊከር ከሚለው የመጣ ነው። ጥይቷን ክሊፕ በሚባል ቆርቆሮ አቅፋ የምትጎርስበት ዘዴ የኦስትሪያው ማንሊከር ሐሳብ ስለሆነ ሁለቱ ስሞች አብረው ይጠራሉ። ጣሊያን በ1891 ተቀብላ እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ድረስ ሠርታታለች።

በቅርብ ዓመታት ከኢትዮጵያ ግምጃ ቤት የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎች በአስመጪዎች በኩል አሜሪካ ገብተዋል። ካርካኖ፣ ማውዘር፣ የፈረንሳዩ ግራስ፣ ማለትም የእኛ ውጅግራ፣ ሁሉም አሉበት። የእኔዋም ከእነሱ አንዷ ናት። ከአፈሙዟ ሥር የምትታጠፍ ሳንጃ አላት። የሰደፏ አንገት ተሰንጥቆ አንድ ሰው በጠፍር ጥብቅ አድርጎ ጠምጥሞታል። ጠፍሩ ደርቆ እንደ እንጨት ጠንክሯል። በርሜሏ ላይ «1936» ተብሎ ከጎኑ በሮማ ቁጥር 14 ተቀርጿል። የፋሺስት ዘመን አሥራ አራተኛ ዓመት ማለት ነው። ያ ዓመት በፈረንጆች 1935 ኦክቶበር መጨረሻ ገደማ ጀምሮ በቀጣዩ ኦክቶበር ያለቀ ነው። በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ጣሊያን አዲስ አበባ የገባው በዚሁ ውስጥ ነው። ሊገዛን የመጣ ብረት፣ አንድ የአገሬ ሰው እጅ ገብቶ፣ በአገሬ ጠፍር ተጠግኖ፣ እዚህ ቨርጂኒያ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጧል። ይህን በገንዘብ መተመን አልችልም።

እዚህ ላይ እንዳትሸወዱ። «የአድዋ ምንሽር» ብሎ የሚሸጥላችሁ ሰው ካጋጠማችሁ ቀኑን አንብቡ። አድዋ ላይ የጣሊያን ወታደር በብዛት የያዘው የቀድሞውን ቬተርሊ ነበር፤ 10.4 ሚሊ ሜትር ጥይት የሚተኩሰውን። የ1930ዎቹ ቀን ያለባት ካርካኖ የሁለተኛው ወረራ ናት።

አሁን ወደ ችግሯ። ካርካኖ ያለ ክሊፕ እንደሚገባ አትሠራም። ስድስት ጥይት የሚያቅፈው ቆርቆሮ ከነጥይቱ ወደ ውስጥ ይገባል፤ የመጨረሻው ጥይት ሲጎርስ ባዶው ክሊፕ በታች በኩል ዱብ ይላል። ስለዚህ ከጠመንጃዋ ጋር ሁለት ሦስት ክሊፕ አብራችሁ ግዙ። ሁለተኛው ጉዳይ የእርሳሱ፣ ማለትም ከቀለሁ ተለይቶ የሚወነጨፈው የጥይቱ ጫፍ፣ ስፋት ነው። 6.5 ትባል እንጂ የካርካኖ እርሳስ 6.8 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ዛሬ ፋብሪካ የሚያወጣው ጥይት ብዙ ጊዜ እንደ ሌሎቹ 6.5 ጠመንጃዎች 6.7 ገደማ እርሳስ ነው ያለው። ያረጀ በርሜል ውስጥ ይህ ቀጭን እርሳስ በርሜሉ ውስጥ የተቀረጸውን ጠመዝማዛ መስመር በደንብ አይነክስም። ጥይቱ ይበተናል፣ ሰውም «ካርካኖ አትመታም» ብሎ ስሟን ያጠፋል። ትክክለኛውን እርሳስ አግኝቶ ጥይቱን ራሱ የሚሞላ ሰው ሌላ ጠመንጃ የያዘ ይመስለዋል። ደግሞ የኋላ ማነጣጠሪያዋን እዩ። 7.35 የሚል ከተጻፈበት ሌላ ጥይት ነው፤ ጣሊያኖች በ1938 ጀምረው ብዙም ሳይቆዩ የተዉት። እሱን ጥይት ማግኘት እጅግ ከባድ ነው።

ከአገራችን የመጡት ደግሞ ብዙዎቹ ደክመዋል። የተሰነጠቀ እንጨት፣ የጎደለ ብሎን፣ የተበላ በርሜል ይኖራል። ለመተኮስ ካሰባችሁ በፎቶ ብቻ አትግዙ።

ሞሲን፦ ርካሽ የነበረችው

የሩሲያዋ ሞሲን ናጋንት 91/30 አንድ ዘመን ከ100 ዶላር በታች ትሸጥ ነበር። ያ ዘመን አልፏል፤ ዛሬ የዚያን ብዙ እጥፍ ትጠየቃላችሁ። ቱላና ኢዥየቭስክ ላይ በሚሊዮን የሚቆጠር ስለተመረተ አሁንም እንደ ልብ ትገኛለች። ጠንካራ ናት፣ ረጅም ናት፣ ትከሻ ትመታለች። ምላጯና ቦልቷ ሻካራ ናቸው፤ ለስላሳ ነገር ለለመደ እጅ ይከብዳል።

ጥይቷ 7.62 በ54 ነው፤ ባለ ከንፈር ቀለህ። አሜሪካ በ2021 የሩሲያ ጥይት ማስገቢያ ላይ ገደብ ከጣለች ወዲህ ነገሩ ጠበብ ብሏል። የሰርቢያው ፕርቪ ፓርቲዛን ይሠራዋል። ለነገሩ ይህ ፋብሪካ እዚህ ለማወዳድራቸው ለአምስቱም ጥይት ያወጣል፤ ስሙን ያዙት።

ብዙ ሰው ግን በቆርቆሮ የታሸገውን የድሮ የሶቪየት ጥይት ይገዛል። እኔም ገዝቼ ነበር። ከተኮስኩ በኋላ ደክሞኝ ሳላጸዳት ከርሜ ከሁለት ቀን በኋላ ወልወያውን ብሰድ ጨርቁ ብርቱካንማ ሆኖ ወጣ። በዝገት ነው። የእነዚያ ጥይቶች መለኮሻ ሲቃጠል በርሜሉ ውስጥ ጨው ይተዋል። ጨው ደግሞ እርጥበት ይጠራል። እስከ ዛሬ በርሜሏ ውስጥ ያ ጠባሳ አለ፤ ባየሁት ቁጥር ይቆጨኛል።

ሊ ኤንፊልድ፦ እጅ የምትወደው

ለመተኮስ ደስ የምትል ካላችሁኝ ያለማመንታት እሷን እላለሁ። ቁጥር 4 የሚባለውን ሞዴል ማለቴ ነው። ቦልቷ ሲመላለስ ቅቤ ነው። ካዝናዋ አሥር ይይዛል፤ ማውዘርና ሞሲን አምስት ነው የሚይዙት። እንግሊዝ ብቻ ሳትሆን ካናዳ ሎንግ ብራንች ላይ፣ አሜሪካም ሳቬጅ ፋብሪካ ውስጥ ተሠርታለች። በ1933 ዓ.ም. ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ጎጃምን ያቋረጠው ጦርም የሊ ኤንፊልድን ቤተሰብ ይዞ ነበር፤ ስለዚህ ከታሪካችን ሩቅ አይደለችም።

ጥይቷ 303 ነው። ይገኛል፣ ርካሽ ግን አይደለም።

ስትገዙ ሁለት ነገር እዩ። አንደኛ፣ የቦልቱ ቁጥር ከአካሏ ቁጥር ጋር አንድ ነው? ካልሆነ ጥይቱ ሲቀመጥ በቀለሁ ቂጥና በቦልቱ ፊት መካከል ያለው ክፍተት ልክ ላይሆን ይችላል። የሄድስፔስ ችግር የሚሉት ይህን ነው። ክፍተቱ ከሰፋ ቀለሁ ሊቀደድና የጋለ ጋዝ ወደ ፊታችሁ ሊመለስ ይችላል። የቁጥር 4 ጥሩ ነገር የቦልቷ ጭንቅላት ተፈትቶ መቀየሩ ነው፤ ከ0 እስከ 3 በቁጥር የተሰጡ መጠኖች አሉት። ሁለተኛ፣ ከጦርነቱ በኋላ አዳኞች ቀላል እንድትሆን እንጨቷን የቆረጡባት ብዙ ናት። ያቺ ለአደን ታገለግላለች፤ እንደ ቅርስ ግን ዋጋዋ ወርዷል፣ በሰብሳቢ ፈቃድም ላትሸፈን ትችላለች።

ማውዘርና የስዊሷ ኬ 31

ማውዘር 98 ከሁሉም የተመሰገነ ነው፤ ብዙ የዛሬ የአደን ጠመንጃዎች የሱ ልጆች ናቸው። የጀርመኗ ካር 98ኬ ግን ውድ ናት። ቁጥሮቿ ሁሉ ከፋብሪካ አንድ የሆኑት በጣም ትወደዳለች። ሩሲያ ማርካ ያደሰቻቸው ረከስ ይላሉ፤ ቁጥራቸው በኋላ በኤሌክትሪክ ብዕር የተጫረ ነው። አንዳንዶቹን ደግሞ አሜሪካዊ ወታደር ማርኮ ወደ አገሩ ሲወስድ ሻንጣው እንዲችላቸው እንጨታቸውን በበርሜል ማቀፊያው ቀለበት ሥር ቆርጧቸዋል። ቀለበቱን ገፋ አድርጋችሁ እዩ። በጀቱ ካልፈቀደ የዩጎዝላቪያዋ ኤም 48 ጥሩ ምርጫ ናት፤ የቦልቷ ቤት ግን አጠር ስለሚል የጀርመኗ መለዋወጫ ሁሉ አይገጥማትም።

የእኛው ቤልጅግ፣ የቤልጂየሙ ኤፍ ኤን የሠራው ማውዘር፣ ከኢትዮጵያ ከመጡት ውስጥ አለ። የይሁዳ አንበሳ ማኅተም ያለባት ካገኛችሁ ሰብሳቢው ሁሉ ስለሚሻማባት በዋጋ አትከራከሩ።

ኬ 31ን ባጭሩ ልለፋት፤ ብዙ የሚነቀፍ ነገር የላትም። የቦልቷ እጀታ አይዞርም፤ ቀጥ ብሎ ይሳባል፣ ቀጥ ብሎ ይገፋል። ኢላማ በመምታት ከአምስቱ አንደኛ ናት። ጂፒ 11 የሚባለው የስዊስ ጦር ጥይት ድንቅ ነው፤ ጨውም አይተውም። ግን እያለቀ፣ እየተወደደ ነው።

ሱቅ ስትገቡ

የጓደኛዬ አባት እንዳደረጉት አድርጉ። ባለሱቁን አስፈቅዳችሁ፣ ባዶ መሆኗን አይታችሁ፣ ቦልቱን አውጡ። ቦልቱ ወጥቶ ባዶ በሆነው ቦታ ነጭ ወረቀት አስገብታችሁ የስልክ መብራት አብሩበት፤ በአፈሙዙ በኩል እዩ። ጠመዝማዛው መስመር ስለታም ሆኖ ይታያል? ጥቁረት ብቻ ከሆነ ሊጸዳ ይችላል። የተቦረቦረ ከሆነ ግን አይመለስም። ከዚያ አፈሙዙን ጠርዙን እዩ። የዘመናት የብረት መወልወያ የበላው አፈሙዝ ሞላላ ይሆናል፣ ኢላማም ይስታል። ቁጥሮቹን አስተያዩ። ከተስማማችሁም በኋላ የመጀመሪያውን ጥይት ከመተኮሳችሁ በፊት የጠመንጃ ባለሙያ ሄድስፔሷን ይለካላችሁ። ለዚህ የሚወጣ ብር አያሳሳችሁ።

የመጀመሪያችሁ ከሆነችና ወር በወር መተኮስ ካሰባችሁ ሊ ኤንፊልድ ቁጥር 4 ወይም ኤም 48 ግዙ። ኪሳችሁ ከቻለ ኬ 31። ሞሲንን የምመክረው ጽዳት ለማይሰለቸው ነው። ምንሽርን ግን ግድግዳ ላይ አይታችሁ ልባችሁ ከዘለለ ብቻ። እኔ በዓመት አንዴ፣ ያውም በቀስታ፣ አንድ ክሊፕ እተኩስባታለሁ።

ቤት ከገባች በኋላ

የድሮ ጥይት ከተኮሳችሁ ጨዋማ ነው ብላችሁ ነው መነሳት ያለባችሁ። ጨውን የሚያሟሟው ውኃ እንጂ ዘይት አይደለም። ቦልቱን አውጥታችሁ በበርሜሉ ኋላ በኩል በቀጭን ማንቆርቆሪያ የፈላ ውኃ አፍስሱ፤ አፈሙዙ ወደ ታች ይሁን። የቦልቱንም ፊት እጠቡ። ብረቱ ከሞቀ ራሱ ይደርቃል። ከዚያ ደረቅ ጨርቅ፣ ከዚያ ቀጭን ዘይት። በማግስቱ ደግሞ አንድ ጨርቅ ስደዱና ቀለሙን እዩ።

ከመጋዘን የወጣች ከሆነ ኮስሞሊን የሚሉት ቡናማ ቅባት ይሸፍናታል። ጥይት የሚያርፍበት ጉሮሮ ውስጥ ከቀረ ሲግል ይጣበቅና ቦልቱ በቡጢ ካልተመታ አልከፈት ይላል። የሞሲን ባለቤቶች በብዛት የሚያማርሩት ይህን ነው። የቀለም ማቅጠኛና ብሩሽ ያስለቅቀዋል።

ከልጆች ጋር የምትኖሩ ከሆነ ቁልፍ ያለው ሣጥን ከጠመንጃዋ በፊት ይገዛ። ጥይቱ ሌላ ቦታ ይቆለፍ።

እንጨቷን በብርጭቆ ወረቀት አትፈትጉ፤ የፋብሪካና የመንግሥት ማኅተሞቹ አብረው ይጠፋሉ። የእኔዋን ጠፍርም ሰው «አውልቀህ አዲስ ሰደፍ ግጠምላት» ብሎኝ እንቢ ብያለሁ። ለእንጨት የሚበጀው ለእንጨት ሥራ ተብሎ የተዘጋጀ የተልባ ዘይት ነው። ትንሽ ጠብታ በመዳፍ አሽታችሁ ቀቡ፣ የተረፈውን ጥረጉ፣ አንድ ቀን ይደር፣ ድገሙ። ጨርቁን ግን ጨብጣችሁ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ አትክተቱ። የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ተጨማድዶ ሲደርቅ ራሱን በራሱ አሙቆ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። እኔ ውጪ አጥሩ ላይ ዘርግቼ፣ ደርቆ እንደ ቆርቆሮ ከተገተረ በኋላ ነው የምጥለው።