በአሜሪካ ዳይቲሺያን (የተመዘገበ የሥነ ምግብ ባለሙያ) ለመሆን፦ ዲፒዲ ወይስ ኮኦርዲኔትድ ፕሮግራም?

ሁለቱም የአሴንድ (የሥነ ምግብ ባለሙያ ማሠልጠኛ ፕሮግራሞችን የሚመዝነው የአሜሪካ አካል) እውቅና አላቸው፤ የሚለያዩት ተግባራዊ ልምምዱ ላይ ነው።

ዲፒዲ የክፍል ትምህርት ብቻ ነው። ሲጨርሱ የማረጋገጫ ሰነድ ይሰጣል፤ ያ ግን ብቻውን ለዳይቲሺያንነት ምዝገባ ፈተና አያስቀምጥም። በሆስፒታል፣ በማኅበረሰብ ጤናና በምግብ አገልግሎት ቢያንስ 1,000 ሰዓት የሚሠራበትን ኢንተርንሺፕ ለብቻው አመልክቶ ማግኘት ይቀራል። ሰነዱን ይዞ ቦታ ያጣ ተመራቂ የሚበዛው እዚህ ጋ ነው።

ኮኦርዲኔትድ ሁለቱን ያጣምራል፤ ሁለተኛ ማመልከቻ የለም። በምትኩ የሚቀበለው ተማሪ ጥቂት ነው፣ የልምምዱ ሰዓትም ቀን ሥራ ላለው ሰው አይመችም። ደግሞም እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ወዲህ ፈተናው ማስተርስ ስለሚጠይቅ፣ በባችለር የሚያልቅ ኮኦርዲኔትድ ብቻውን አይበቃም።

ከኢትዮጵያ በሥነ ምግብ ተመርቆ ለመጣ ሰው ዲፒዲ ያዋጣል ባይ ነን። መጀመሪያ ዲግሪው በታወቀ ገምጋሚ ድርጅት ይመዘናል፤ ቀጥሎ የፕሮግራሙ ዳይሬክተር ኮርስ በኮርስ አይቶ የጎደለውን ይነግራል። ትራንስክሪፕቱ «ኒውትሪሽን 2» ብቻ ካለ ይዘቱ አይታወቅምና ዝርዝር የኮርስ መግለጫውን አያይዙ፤ አለዚያ የተማሩትን እንደገና ከፍለው ይማሩታል።

ከመመዝገብ በፊት የፈተና ማለፊያ መጠኑን ይጠይቁ፤ የአሴንድ መለኪያ ቢያንስ 80 በመቶ ነው።