ቴሌግራም ለእድር፦ የቀብሩ ሰዓት እንዳይቀበር

በእድር ግሩፕ ላይ የሞት ማስታወቂያ ሲለጠፍ የሚሆነውን ጎንደር ውስጥ የማያውቅ የለም፤ «ነፍስ ይማር» ይዘንባል። ሰባው አባል በየተራ ሲጽፍ የቀብሩ ሰዓትና የደብሩ ስም ወደ ላይ ይሸሻል። ዘግይቶ ስልኩን የከፈተ ሰው ጣቱ እስኪዝል ሲፈልግ ቆይቶ «ቀብሩ በስንት ሰዓት ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ እሱም በክምሩ ላይ ሌላ መልእክት ይጨምራል። የቀብሩ ሰዓት ራሱ ተቀበረ ማለት ነው። ቴሌግራም ለዚህ የሚሆን መሣሪያ አለው። አብዛኛው እድር ግን ግሩፑን በከፈተበት ቀን እንደነበረ ትቶ ይጠቀምበታል።

ዋናው መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ የመጣው ቶፒክስ ነው። አንዱን ግሩፕ ክፍል ክፍል አድርጎ ይለያል። የግሩፑ ስም ተነክቶ፣ ኤዲት ውስጥ ተገብቶ፣ ቶፒክስ የሚለው ይበራል። ለእድር አራት ክፍል ይበቃል፦ ሐዘን፣ ማጽናኛ፣ መዋጮ፣ ወሬ። «ሐዘን» የሚለው ክፍል ይዘጋ፤ ሲዘጋ ለሁሉም ይነበባል፣ የሚጽፍበት ግን አድሚን ብቻ ነው። «ነፍስ ይማር» የሚባለው ማጽናኛ ክፍል ውስጥ ነው። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ነገር አባላት አዲስ ቶፒክ የመክፈት ፈቃዳቸውን ማጥፋት ነው፤ ካልጠፋ እያንዳንዱ የራሱን ክፍል ይከፍትና ግሩፑ እንደ ቅዳሜ ገበያ ይሆናል። ትልቁ ጥቅም ግን ሌላ ነው፤ አባሉ ወሬውን ብቻ ሚዩት አድርጎ የሐዘኑን ድምፅ ክፍት መተው ይችላል። አንድ ወጥ ግሩፕ ላይ ሰው በወሬው ተማርሮ ሁሉንም ዝም ያሰኝና ቀብር ያመልጠዋል፤ በኋላም ቅጣት ይከፍላል።

ሪአክሽንም፣ ማለትም መልእክት ሥር የሚቀመጠው ትንሽ ምልክት፣ ሊታሰብበት ይገባል። አድሚኑ ከተጣመሩት እጆች በቀር ሌላውን ምልክት ሁሉ ቢያጠፋ ይሻላል። አለበለዚያ አንዱ ሳያስበው ማስታወቂያውን ሁለቴ ይነካና በሟች ስም ሥር ልብ ወይም አውራ ጣት ያስቀምጣል።

ስለ ጽሑፉ ይዘት አንድ ነገር፦ ጎንደር ባለ 44 ታቦት ናት። «ቀብሩ ጊዮርጊስ ነው» ብሎ መጻፍ ሰውን ለሁለት መክፈል ነው፤ አበራ ነው ወይስ እልፍኝ? ሙሉ ስሙ ይጻፍ፣ ከሥሩ ቦታውን የሚያሳይ ሎኬሽን ይላክ። ማስታወቂያውን ወረቀት ላይ ጽፎ ፎቶ አንስቶ መላክ ግን መጥፎ ልማድ ነው፤ ዳታ ይበላል፣ በፍለጋም አይገኝም።

ሰዓቱ ሲቀየር የሚሠራው ስሕተት ከሁሉም ይከፋል። ጸሐፊው የቀድሞውን መልእክት ኤዲት ያደርግና ጨረስኩ ይላል። ኤዲት ግን ስልክ አያስጮኽም፤ ጠዋት ያነበበ አባል ተመልሶ አያየውም። ተራ አባል የጻፈውን እስከ 48 ሰዓት ድረስ ማረም ይችላል (ዋትሳፕ የሚፈቅደው 15 ደቂቃ ብቻ ነው)፤ ይህ ለፊደል ግድፈት ይጠቅማል። የሰዓት ለውጥ ግን አዲስ መልእክት ይፈልጋል፤ እሱ ፒን ይደረግ (ከላይ ተሰክቶ ይታይ)፣ አሮጌው ይጥፋ።

ማስታወቂያን አስቀድሞ ጽፎ በሰዓቱ እንዲሄድ ማድረግም ይቻላል፤ የመላኪያውን ቁልፍ ተጭኖ መቆየት ነው። መልእክቱ የሚነሣው ከስልኩ ሳይሆን ከቴሌግራም ሰርቨር ስለሆነ መብራት ጠፍቶ የጸሐፊው ስልክ ቢዘጋም ይሄዳል። ሆኖም ሰዓቱም ቀኑም የፈረንጅ ነው። ለጠዋቱ 2 ሰዓት 8:00 መሞላት አለበት፤ 2:00 ብሎ የሞላ ሰው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ሰፈሩን ይቀሰቅሳል።

ደካማው ጎኑ የአማርኛ ፍለጋ ነው። ፍለጋው ቃልን ከመነሻ ፊደሉ ስለሚያነጻጽር «ቀብር» ብሎ የፈለገ «የቀብር» ወይም «ለቀብሩ» የሚለውን ላያገኝ ይችላል። «ጎንደር» እና «ጐንደር» ለማሽኑ ሁለት ከተማ ናቸው፤ «ሐዘን» እና «ሀዘን»ም እንዲሁ። መላው፣ በእያንዳንዱ ማስታወቂያ መጨረሻ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ፊደል የተጻፈ ሃሽታግ ማስገባት ነው።

ስሎው ሞድ የሚባለው፣ አንድ አባል በሁለት መልእክቶቹ መካከል ከጥቂት ሰከንድ እስከ 1 ሰዓት እንዲጠብቅ የሚያስገድደው፣ ለወሬ ጥሩ ልጓም ነው፤ የሚሠራው ግን ለአንድ ክፍል ብቻ ሳይሆን ለግሩፑ በሙሉ ነው። ከዚህ በላይ የሚያሳስበው መዋጮ ነው። የገንዘብ ያዡን ስምና ፎቶ ገልብጦ ለአባላት በግል «በቴሌብር ላኩልኝ» ብሎ መጻፍ ለማንም ቀላል ነው። ገንዘብ ያዡ አድሚን ከተደረገ ከስሙ አጠገብ እስከ 16 ፊደል ማዕረግ ሊሰጠው ይችላል፤ «ገንዘብ ያዥ» ተብሎ ይጻፍለት። ይህ ማዕረግ በግል መልእክት ላይ አይታይም፤ ስለዚህ የሒሳብ ቁጥር የሚሰጠው በመዋጮ ክፍል ውስጥ ብቻ ይሁን። ከ100 አባል በላይ ያለው ግሩፕ የአባላቱን ዝርዝር መደበቅ ይችላል፤ ይደበቅ።

ከላከው መልእክት ሥር ሁለቱን የራይት ምልክት አይቶ «ሁሉም አንብቧል» የሚል የእድር ዳኛም አለ። በግሩፕ ውስጥ ሁለት ምልክት ማለት ቢያንስ አንድ ሰው አየው ማለት ብቻ ነው። እነማን እንዳነበቡ በስም የሚታየው እስከ 100 አባል ባለው ግሩፕ ነው፤ እሱም ለ7 ቀን። ስለዚህ ለድንኳን ተካይ ተረኞች ስልክ ይደወልላቸው።