አዳማ ላይ «የጀርመን ቶርክ ሬንች» ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ቆይ አንዴ

ሰዎች፣ እኔ የተበላሁትን እናንተ እንዳትበሉ ልንገራችሁ።

አባቴ የተወልኝ 1300 ቮልስ አለችኝ። ሞተሯን ግቢዬ ውስጥ ራሴ ላድስ ብዬ ተነሳሁ። ለቤት ሥራ ከቮልስ የተሻለ መኪና የለም፤ ከካምቢዮ ጋር የሚያያዙትን አራት ባለ 17 ቁጥር ዳዶዎች ፈትታችሁ፣ የቤንዚን ጎማውን፣ ሽቦውንና የነዳጅ መስጫ ካቦውን አላቃችሁ፣ ክሪክ ላይ አሳርፋችሁ ወደ ኋላ ስትስቡት ሞተሩ ይወጣል።

መሣሪያ ግን አልነበረኝም። ፖስታ ቤት አካባቢ አንድ ሱቅ ገብቼ ባለ 144 ፍሬ የመፍቻ ሳጥን ከነቶርክ ሬንቹ (የሞላችሁለት የማጥበቂያ ኃይል ላይ ሲደርስ ቀጭ የሚል መፍቻ ነው) በ18,500 ብር ተዋዋልኩ። ሻጩ «ኦርጅናል ጀርመን ነው» አለኝ። 36 ቡሶላ (ዳዶ ላይ የሚገጠም የመፍቻ ራስ) የለውም ስለው ከመደርደሪያ አንስቶ ምርቃት ብሎ ጨመረልኝ። ደረሰኝ ስጠይቀው ደግሞ «ያለ ደረሰኝ ከሆነ 1,500 ልቀንስልህ» አለ። እኔም ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ እሺ አልኩ።

ቤት ገብቼ ስቆጥረው ከ144ቱ ከግማሽ በላይ የካቻቢቴ ጫፍ ነው። «ጀርመን» የሚለውን ጽሑፍ በቤንዚን ጨርቅ ጠረግ ሳደርገው ጨርቁ ላይ ቀረ። ያኔ መንቃት ነበረብኝ።

መጀመሪያ የሄደችው ምርቃቷ ናት። ቮላኖውን (ከሞተሩ ጋር የሚሽከረከረውን ከባድ ክብ ብረት) የያዘው ትልቁ ዳዶ 36 ነው፣ የሚጠብቀውም 350 ኒውተን ሜትር (የማጥበቂያ ኃይል መለኪያ) አካባቢ ነው። ለመፍታት ቱቦ ሰክተን ከጎረቤቴ ልጅ ጋር ስንጫነው ቡሶላዋ ጧ ብላ ለሁለት ተከፈለች፣ እኔም ክንዴን ተላጥኩ። ምርቃት ናት ብዬ አለፍኳት።

ያቃጠለኝ ቶርክ ሬንቹ ነው። የኔ ሞተር የቴስታታው (የሲሊንደሮቹ ክዳን) ብሎኖች ባለ 10 ሚሊ ናቸው፣ ዳዷቸው 32 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው የሚጠብቀው። 32 ላይ ሞላሁትና ቀጭ እስኪል ማጥበቅ ጀመርኩ። አይልም። ትንሽ ቀርቶት ይሆናል እያልኩ ስጨምር፣ ስጨምር፣ ድንገት ለስለስ አለልኝ፤ የቮልስ ሞተር ቤት የማግኒዚየም ቅይጥ ስለሆነ ብሎኑ ጥርሱን ይዞ ወጣ። አንዱ ብልሽት ይሆናል ብዬ ሌላውን ሞከርኩ (አዎ፣ ሞኝነት ነው)፣ እሱም ወጣ። አሁን ሞተሩን እንደገና በትኜ፣ ቶርኖ ቤት ቀዳዳውን አስፍተው የብረት ጥርስ ሊከቱበት ነው።

ጭንቅላቴ የሠራው ከዚህ በኋላ ነው። 10 ሊትር ውሃ 10 ኪሎ ነው። የሬንቹን አራት ማዕዘን ጫፍ ሞርሳ (ዕቃ ነክሶ የሚይዝ መሣሪያ) ላይ አስራችሁ፣ እጀታውን አግድም አድርጋችሁ፣ ከጫፉ መሃል 33 ሳንቲ ሜትር ላይ 10 ኪሎ ብታንጠለጥሉ 32 ኒውተን ሜትር ገደማ ይመጣል። የጀሪካኑና የሬንቹ ክብደት ትንሽ ይጨምርበታል፣ ግን ለማጣራት ይበቃል። እኔ 32 ላይ ሞልቼው 20 ሊትር አንጠለጠልኩበት። ዝም!

ሌላም አለ። የኔው ከ28 እስከ 210 ይላል። 32 ማለት ታችኛው ጫፍ ነው፤ እዚያ ላይ ጥሩ የሚባለውም ብዙ አይታመንም። ለ350ው ደግሞ አይደርስም። ስለዚህ ሻጭ «ለሁሉም ይሆናል» ሲላችሁ አትስሙት፤ ለቴስታታና ለሞተር ቤቱ ከ10 እስከ 60 አካባቢ የሚሠራ ትንሽ ሬንች ፈልጉ።

ልመልስ ስሄድ «ከኛ አልገዛህም» ተባልኩ። የሸማቾች ጥበቃው አዋጅ 813/2006 ጉድለት ያለበትን ዕቃ በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥ ወይም ገንዘብህ እንዲመለስ ትጠይቃለህ ይላል። እኔ ግን ደረሰኝ የለኝ፤ የሞተሩ መለዋወጫ (ፋሻና ብሮንዚና) ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ሳጥኑን ሁለት ወር አስቀምጬዋለሁ። በየትኛው አፌ ልከራከር? እናንተ ደረሰኝ ተቀበሉ፣ በዚያው ቀን ፈትኑ። የተሸጠ አይመለስም የሚል ወረቀት ግድግዳው ላይ ስላያችሁ አትፍሩ።

ሞተሩ አሁን በአንሶላ ተጠቅልሎ ሳሎን ተቀምጧል፣ የአዳማን ንፋስና አቧራ ታውቁታላችሁ። ሰፈራችን ያለ ጋራዥ አንድ ያረጀ ቶርክ ሬንች አዋሰኝ። እዚያው ሞርሳው ላይ ጀሪካን ሳንጠለጥልበት ሰውዬው ሳቀብኝ። 10 ሊትር ላይ ቀጭ አለ።