«ሆቴል ደስክ፦ ክፍል 215»፦ እንደ መጽሐፍ ተይዞ የሚነበብ ምሥጢር

«ሆቴል ደስክ፦ ክፍል 215» የተባለው የቪዲዮ ጨዋታ ተጫዋቹን አስቀድሞ የሚጠይቀው በእጅ የሚያዘውንና የሚታጠፈውን የጨዋታ መሣሪያ፣ ኒንቴንዶ ዲኤስን፣ ወደ ጎን አዙሮ፣ ሁለቱ ስክሪኖች የተከፈተ መጽሐፍ ሁለት ገጾች እስኪመስሉ ድረስ አቁሞ እንዲይዝ ነው። ይህ ለማሳመር ብቻ የተደረገ አይደለም። በአንደኛው ገጽ ላይ ኮሪደሩን በመርማሪው ዓይን እናያለን፤ በሌላኛው ላይ የፎቁ ንድፍ ተዘርግቶልን በብዕር እየነካን እንራመዳለን፤ ሰው ስናነጋግር ደግሞ ሁለቱ ተነጋጋሪዎች ከግራና ከቀኝ ፊት ለፊት ይተያያሉ። ለግራኞችም አያያዙን የሚገለብጥ ምርጫ አለው።

ጨዋታውን ያዘጋጀው ሲንግ የተባለ የጃፓን ኩባንያ ሲሆን፣ ኒንቴንዶ በ2007 እ.ኤ.አ. ለገበያ አቅርቦታል። ታሪኩ በዲሴምበር 28 ቀን 1979 እ.ኤ.አ. አመሻሽ ላይ ጀምሮ በዚያው ሌሊት ያበቃል። ዋናው ገጸ ባሕርይ ካይል ሃይድ ቀድሞ የኒው ዮርክ ፖሊስ መርማሪ ነበር፤ ከሦስት ዓመት በፊት የከዳውን ባልደረባውንና ወዳጁን ብራያን ብራድሊን በጥይት መትቶታል፤ አስከሬኑ ግን አልተገኘም። ሃይድ አሁን ዕቃ እየዞረ የሚሸጥ ሰው ቢሆንም፣ በልቡ ብራድሊን መፈለጉን አላቆመም። ወደ አንድ ያረጀ ሆቴል ሲደርስ የሚሰጠው ክፍል፣ ያደረበትን ሰው ምኞት ይፈጽማል የሚባልለት 215 ቁጥር ነው፤ ከስድስት ወር በፊትም በእርሱው ስም የተመዘገበ ሌላ እንግዳ እንደነበረ ይሰማል። ከዚህ አልፎ ታሪኩን መናገር ገና ያልተጫወተውን ሰው መበደል ስለሚሆን እዚህ ላይ አቆማለሁ።

የእንቆቅልሽ ጨዋታ ነው ተብሎ የተነገረው ሰው መቆለፊያና ምልክት ብቻ ሊጠብቅ ይችላል፤ እውነተኛው እንቆቅልሽ ግን ሰዎቹ ናቸው። ቁጡው ባለ ሆቴል ደኒንግ፣ በኒው ዮርክ ሳለ ኪስ አውላቂ የነበረውና ሃይድን ከዚያ ዘመን ጀምሮ የሚያውቀው አስተናጋጅ ሉዊ፣ ነጭ ለብሳ አንዲት ቃል የማትናገረው ወጣት ሚላ፣ እያንዳንዳቸው የሚሸሽጉት ጉዳይ አላቸው። ሰው እየተናገረ ሳለ ነገሩን አጥብቀን ለመጠየቅ ወይም ዝም ብለን ለማሳለፍ የምንመርጥባቸው ቅጽበቶች ይመጣሉ፤ አላግባብ የተሰነዘረ ጥያቄ፣ ወይም በማይገባን ክፍል ውስጥ መያዝ፣ ከሆቴሉ አስባርሮ ጨዋታውን ሊያስቆም ይችላል። በዚህ የተነሣ ንግግሩን በጥንቃቄ ማንበብ ግድ ይሆናል፤ ፊቶቹንም ማንበብ እንዲሁ። ገጸ ባሕርያቱ በእርሳስ የተነደፉ ይመስላሉ፤ ሥዕሎቹ የተሠሩት የእውነተኛ ተዋንያንን እንቅስቃሴ ቀርጾ በላዩ በመንደፍ በመሆኑ፣ የአንገት ማቀርቀር ወይም ወደ ጎን የተሰረቀ እይታ ከቃሉ በፊት ይደርሰናል። የጽሑፉ ደራሲ ሪካ ሱዙኪና ዳይሬክተሩ ታይሱኬ ካናሳኪ በዚህ ትንሽ ስክሪን ላይ ያሳዩት ትዕግሥት፣ በትላልቅ መሣሪያዎች ላይ ከተሠሩ ብዙ ጨዋታዎች ይልቅ ልቤን ነክቶታል።

ዕቃ ነክ የሆኑት እንቆቅልሾች በአብዛኛው ቀላል ናቸው። አንዳንዶቹ ግን መሣሪያውን ራሱን የእንቆቅልሹ አካል ያደርጉታል፤ ብዕሩ የማይፈታውን ነገር የመሣሪያው ክዳን የሚፈታበት አንድ ቦታ አለ፤ የት እንደሆነ አልናገርም፤ መፍትሔው ሲገለጥልኝ ግን ከተቀመጥኩበት ተነሥቻለሁ። በሃይድ የማስታወሻ ደብተር ላይ በራሳችን እጅ መጻፍ መቻላችንም ከምርመራው ጋር ያስተሳስረናል፤ ስምና ቁጥር እየጻፉ መጫወትን አጥብቄ እመክራለሁ፤ ምክንያቱም በየምዕራፉ መጨረሻ ሃይድ እስከዚያ ያወቀውን በጥያቄ መልክ ለራሱ ይከልሰዋል።

ጉድለቱ ዝግታው ነው። ጽሑፉ በስክሪኑ ላይ የሚወጣበት ፍጥነት ፈጥኖ ለሚያነብ ሰው አድካሚ ነው፤ ከዚህ የሚብሰው ግን ታሪኩ ወደፊት የሚሄደው ትክክለኛውን ሰው በትክክለኛው ሰዓት ስናገኝ ብቻ መሆኑ ነው። መልሱን አውቀን እንኳ ማን ጋ መሄድ እንዳለብን ሳናውቅ በር ለበር እያንኳኳን የምንዞርባቸው ጊዜያት አሉ፤ በመካከለኞቹ ምዕራፎች ይህ ደጋግሞ ገጥሞኛል። እርምጃና ተኩስ ለሚሻ ተጫዋችም ምንም የተዘጋጀለት ነገር የለም።

የጨዋታው ካርድ በኋላ በወጣው የኒንቴንዶ መሣሪያ፣ 3ዲኤስ፣ ላይም ይሠራል። ሲንግ በ2010 እ.ኤ.አ. ከስሮ ተዘግቷል፤ በዚያው ዓመት የወጣው ተከታዩ ክፍል «ላስት ዊንዶው» በጃፓንና በአውሮፓ ብቻ ተሸጦ ሰሜን አሜሪካ አልደረሰም። የኩባንያው ሌላ ሥራ «አናዘር ኮድ» በ2024 እ.ኤ.አ. ለኒንቴንዶ ስዊች እንደ አዲስ ተሠርቶ ሲወጣ «ሆቴል ደስክ»ም ተመሳሳይ ዕድል እንዲያገኝ ተመኝቻለሁ። የሚያሳስበኝ ግን ክዳን የሌለውና አንድ ስክሪን ብቻ ያለው መሣሪያ ያንን አንድ እንቆቅልሽ እንዴት አድርጎ እንደሚያቀርበው ነው።