ቦያችንን ለደፈኑልን ሰዎች

ይህን ጽሁፍ ልጽፍ ካሰብኩ አራት ወር አለፈኝ። ማታ ቤት ዘግቼ ስልኬን አነሳለሁ፣ ሁለት መስመር እጽፋለሁ፣ እንቅልፍ ይዞኝ ይሄዳል። ዛሬ ጁምዓ ነው፤ አሳውም ቶሎ አለቀ። ስለዚህ ዛሬ ልጨርሰው።

ለማታውቁኝ፣ ሐይቅ ከተማ ውስጥ ትንሽ የአሳ ቤት አለችኝ። ከደሴ ወደ ወልድያ ስትሄዱ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ማመስገን የፈለግኩት እዚህ አካባቢ ረግረጉንና የሐይቁን ዳር ለመጠበቅ የሚሠሩ የአንድ በጎ አድራጎት ማህበር ሠራተኞችን ነው። ወረቀታቸው ላይ ሥራቸው «የውሃ አዘል መሬት ጥበቃ» ይባላል። እኛ ጨፌ ነው የምንለው። እናቴ ደግሞ «ታችኛው» ትለዋለች፣ በቃ።

ስማቸውን አልጠቅስም። ራሳቸው ናቸው አትጻፊ ያሉኝ። ስም ፌስቡክ ላይ ሲዞር ስልክ ይበዛል፣ «ስፖንሰር እንሁናችሁ» የሚል ይመጣል፣ ሥራ ይቆማል አሉ። የምትፈልጓቸው በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ቁጥራቸውን እሰጣለሁ። ሐይቅ ያላችሁ ደግሞ አሳ አጥማጆቹን ጠይቁ፣ ሁሉም ያውቃቸዋል።

አሁን ወደ ነገሩ። እናቴ የምትኖረው በአንከርካ ወንዝ በኩል ነው። አንከርካ ከአርዲቦ ሐይቅ ተነስቶ ወደ ሎጎ፣ ማለትም ወደ ከተማችን ሐይቅ፣ የሚወርደው ውሃ ነው። ከማሳችን ታች ሁለት ጥማድ የምትሆን ጨፌ አለች። ልጆች ሳለን ከብት የምናስገባባት በበጋ ነበር። ክረምት ላም ከገባችባት እስከ ሆዷ ትሰምጣለች፣ ሰፈር ተጠርቶ በገመድ ነው የምትወጣው። ዳሯ ላይ ምንጭ አለች። እስከ ሰኔ አትነጥፍም ነበር።

ወንድሜ ከሳዑዲ ተመለሰ። ስድስት ዓመት ጅዳ ለፍቶ ያጠራቀማትን ይዞ ነው የመጣው። ቁጭ ማለት አይችልም። ጨፌዋን አየና «ይቺ እኮ ዝም ብላ የተኛች መሬት ናት» አለ። አንድ ባለሙያ ነኝ ያለ ሰውም «ውሃውን አንጠፍጥፈው፣ ጥቁር አፈር ነው፣ ወርቅ ነው» አለው። አራት የቀን ሠራተኛ ቀጠረ። በሦስት ቀን ከጨፌዋ ወገብ እስከ ወንዙ ድረስ ቀጥ ያለ ቦይ ወጣ፤ ሰው ቢቆምበት ደረቱ ድረስ የሚውጥ። ዳር ዳሩን ባህር ዛፍ ተከለ።

እውነት ለመናገር የመጀመሪያው ዓመት በቆሎ ጉድ ነበር። ሰው ይሸሽግ ነበር። እናቴ ራሷ ወንድሜን መርቃዋለች። በሁለተኛው ዓመት መሬቱ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ አወጣ። በቆሎው ቢጫ ሆኖ ቀረ። ምንጯ በጥር ነጠፈች። በጥር! እናቴ በዚያ ዕድሜዋ ጀሪካን ይዛ ወንዝ መውረድ ጀመረች።

ስለ ማህበሩ የነገሩኝ አሳ የሚያመጡልኝ ልጆች ናቸው። «ሞተር የምትነዳ ልጅ አለች፣ እሷን ጥሪያት» አሉኝ። ደወልኩ። እዚህ ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ፣ ምስጋና ነው ብዬ አልደብቀውም። ሐሙስ እንመጣለን ብለው የመጡት በሦስት ሳምንታቸው ነው። በመካከል ስደውል አንዴ ኔትወርክ የለም፣ አንዴ «አብሽሪ፣ እንመጣለን»። ተስፋ ቆርጬ ነበር። እና የምትጠሯቸው ሰዎች፣ ትንሽ ታገሡ። ሞተራቸው አንድ ናት፣ ቀበሌው ብዙ ነው።

የመጡ ቀን ልጅቷ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆና፣ ከኋላዋ አንድ ሽማግሌ ጭና መጣች። ሽማግሌው ዕድሜያቸውን ሎጎ ላይ ታንኳ ሲቀዝፉ የኖሩ ናቸው፤ አሁን ማህበሩ ውስጥ ይሠራሉ። እናቴ ቡና አፈላች። ስለ ዝናብ፣ ስለ ጤና፣ ስለ ዘመድ ተወራ። ልጅቷ ደብተሯን ያወጣችው በረካው ላይ ነው። የመጀመሪያ ጥያቄዋም ለወንድሜ አልነበረም።

«አንቱ ልጅ ሳሉ ውሃው እስከየት ይደርስ ነበር?» አለቻት እናቴን።

እናቴን ስለ መሬቷ አንድ ሰው ሲጠይቃት ያየሁት ያን ቀን ነው። ስንት ባለ መኪና መጥቶ ስንት ነገር ነግሯታል፣ ሲጠይቃት ግን አላየሁም። ምርኩዟን ይዛ ተነሳች። እዚህ፣ ከዚያ እዚያ ድንጋይ፣ ከዚያ ሾላው ሥር፣ እያለች ድሮ ውሃው የሚደርስበትን ዳር ሙሉ ዞረች። ሽማግሌው ከኋላዋ እንጨት ይተክላሉ። ስትጨርስ የድሮው ጨፌ መሬት ላይ ተስሎ ቁጭ አለ።

ከዚያ ልጅቷ ከቦዩ ግድግዳ አንድ እፍኝ ጥቁር አፈር አነሳች። «ይሄ ለብዙ ዘመን ውሃ ውስጥ የኖረ ሣርና ቄጠማ ነው» አለች ወንድሜን። ውሃ እስካለበት ድረስ እንደ ስፖንጅ ነው፤ የክረምቱን ይመጥና ለበጋ ቀስ እያለ ይለቃል። ሲደርቅ አየር ይገባዋል፣ ይበሰብሳል፣ መሬቱም ይሰምጣል። «የመጀመሪያው ዓመት በቆሎ ያማረው ለዚያ ነው። ተቀማጩን ነው ያወጣችሁት። ሁለተኛው ዓመት ላይ ሂሳቡ ባዶ ሆነ።» ጅዳ ስድስት ዓመት ገንዘብ ያጠራቀመ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ይገባዋል። ዝም አለ።

ዝም ያለው ግን ለጥቂት ጊዜ ነው። ቦዩ አፈሩን እየጠረገ በአንከርካ በኩል ሎጎ ውስጥ እንደሚከተው ስትነግረው ሳቀ። «ሎጎ እኮ ጥልቀቱ 88 ሜትር ነው ይላሉ። በእኛ ቦይ መቼ ሊሞላ ነው?»

የመለሱለት ሽማግሌው ናቸው። «ልጄ፣ አሳ ጥልቁ ላይ አይወልድም» አሉ።

እኔ አሥራ አንድ ዓመት አሳ ስሸጥ ይህን አላውቅም ነበር። ወንዱ ቆረሶ ጎጆውን የሚሠራው ዳር ላይ፣ ውሃው ስስ የሆነበት ቦታ ነው፤ የታችውን አሸዋ ጎድጎድ አድርጎ ይቆፍራል። ሴቷ እንቁላሏን እዚያ ትጥልና መልሳ በአፏ ትሰበስበዋለች። እስኪፈለፈሉ አፏ ውስጥ ናቸው። ጫጩቶቹም አደጋ ሲያዩ ተመልሰው የሚገቡት አፏ ውስጥ ነው። አምባዛ ደግሞ ክረምት ሲገባ ውሃ የተኛበትን ሣር ፈልጎ ነው የሚወልደው። ዳሩ በደለል ሲሞላና ቄጠማው ሲመነጠር የሚጠፋው መውለጃቸው ነው። ሎጎ ደግሞ መውጫ ወንዝ የለውም። አፈርም ይሁን ማዳበሪያ፣ የገባው እዚያው ቀሪ ነው። (በነገራችን ላይ ቆረሶ ራሷ ለሎጎ እንግዳ ናት። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሰው ነው ያስገባት። ዛሬ ግን የእኔን እንጀራ የምትጋግረው እሷ ናት።)

ሽማግሌው የሐይቁ ዳር እንዴት እንደሚለወጥ ለማሳየት ወደዚያ በኩል እጃቸውን ዘርግተው ሐይቅ እስጢፋኖስንም አነሱ። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበሩበት ገዳም ድሮ ደሴት ነበር። አሁን በእግር ይገባል። በእግር የሚገባው ወንድ ነው እንጂ ለሴት አይፈቀድም፤ እኔ ከዳር ነው የማየው።

ወንድሜ ያን ቀን አልተስማማም። «ላቤን ልድፈነው?» አለ፣ እውነቱን ነው። ልጅቷ አልተከራከረችውም። ሁሉም ይመለስ አላለችም። ከላይ ያለው ሩብ በቆሎ መሆኑ ይቀጥል፣ ከእንጨቶቹ በታች ያለው ወደ ጨፌነቱ ይመለስ ነው ያለችው። «ካልተስማማችሁ አንነካውም፣ መሬቱ የእናንተ ነው» ብላ ሞተሯን አስነስታ ሄደች። ቦዩ የሁለት ጎረቤት ድንበር ስለሚነካ ነገሩ ቅሬ (የሰፈሩ ዕድር) ላይ ተነሳ። እዚያ የተባለውን አልጽፍም፣ ረጅም ነው፣ ግማሹም የቤተሰብ ገመና ነው። በሚያዝያ ወንድሜ ራሱ ደወለላት።

ሥራው ግንቦት ላይ ነበር፣ ክረምቱ ሳይገባ። ቦዩን ሙሉውን አልሞሉትም። ባዶ የማዳበሪያ ከረጢት አፈር ሞልተው፣ በእንጨት ካስማ አስደግፈው፣ አምስት ቦታ ላይ ዘጉት። ውሃው በየደረጃው እየቆመ ወደ ጎን ይተኛል፤ የቀረውን ደለሉ ራሱ ይሞላዋል አሉ። ሞላውም። ከሌላ ጨፌ የቄጠማ ሥር አምጥተው ተከሉ። ባህር ዛፉን ወንድሜ ቆርጦ ለአጣና ሸጠው፤ ጉቶው እንደገና እንዳያቆጠቁጥ ተቆፍሮ ወጣ፣ ከሁሉ የከበደው ሥራ እሱ ነበር። ቆፋሪዎቹ የሰፈሩ ልጆች ናቸው። የማህበሩ ሂሳብ ያዥ ማታ ማታ ራሷ መጥታ በየስማቸው አስፈርማ ትከፍል ነበር። ነገ የለም፣ «ሲስተም የለም» የለም። ይህን ለብቻው ማመስገን እፈልጋለሁ፣ የቀን ሥራ የሠራ ሰው ለምን እንደሆነ ያውቃል።

የተበላሸም አለ። ከማሳው በላይ ተዳፋቱ ላይ ጎርፉን የሚሰብር ችግኝ እንተክላለን ብለው ችግኙ የደረሰው ነሐሴ ሲያልቅ ነው። ዝናቡ ወጣ፣ አብዛኛው ደረቀ። ልጅቷ መጥታ አየችው። ለእናቴ «ጥፋቱ የኛ ነው፣ ዘግይተናል» አለቻት። ሰበብ አልደረደረችም። በዓመቱ ሐምሌ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት መጥተው መልሰው ተከሉት። ከቢሮ የመጣ ሰው «ጥፋቱ የኛ ነው» ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

እናቴ አሁን የጨፌዋ ለኪ ሆናለች። መሬት ውስጥ የተቀበረ የፕላስቲክ ቧንቧ አለ፤ ውሃው ስንት እንደወረደ በዚያ ይለካል። እናቴ ሜትር አታነብም። ስለዚህ ሽማግሌው ገመድ ላይ ቋጠሮ ቋጠሩላት፣ ጫፉ ላይ ድንጋይ አሰሩበት። በወር አንዴ ትሰድደዋለች። ከዚያ ትደውላለች፤ «አንቺ ልጅ፣ ሁለት ቋጠሮ ወርዷል።» ልጅቷም ትጽፋለች። ጥር 25 ቀን የዓለም የውሃ አዘል መሬቶች ቀን ነው። በ1963 ዓ.ም. ኢራን ውስጥ ራምሳር የምትባል ከተማ ላይ የተፈረመው ስምምነት መታሰቢያ ነው። ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ቀን በአዳራሽ፣ በባነርና በታሸገ ውሃ ነው የሚያልፈው። እነሱ ዘንድሮ ተማሪዎች ይዘው እናቴ ጋ መጡ። እናቴ ገመዷን ይዛ ስታስረዳ ማየት ነበረባችሁ። ልጆቹ «ቲቸር» ሲሏት እፍረቷን በሻሽዋ ሸፈነች።

ምንጯ ዘንድሮ እስከ መጋቢት መጨረሻ ቆየች። እንደ ድሮው እስከ ሰኔ አልደረሰችም፣ ልጅቷም ትደርሳለች ብላ አልማለችልንም። ይብራዎቹ ግን ተመልሰዋል። ከብት አይገባም፤ ሣሩ ታጭዶ ነው ለላሞቹ የሚሄደው። ቄጠማው ደግሞ ያላሰብነው ሆነ። ለእንቁጣጣሽ፣ ለፋሲካ፣ ለዒድ፣ ለወዳጃ፣ ቄጠማ የማይጎዘጎዝበት ቤት የለም። ወንድሜ ነዶ ነዶ እያሰረ ደሴ ያወርዳል። በቆሎውን የሚያነሳው ቀንሷል፤ ለቦዩ ያወጣውን ግን እስካሁን ይቆጥራል።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። እነዚህ ሰዎች አበል አይሰጡም። ዘይት፣ ዱቄት፣ ቲሸርት የለም። ያንን ፈልጋችሁ ከሆነ አትድከሙ። ሥራቸው ሎጎና አርዲቦ ዙሪያ ነው። ማይባር ሐይቅ ያላችሁ፣ ወይም የቦርከናን ወንዝ ይዞ በበጋ የአፋርን ከብት ሳይቀር በሚያበላው የጨፋ ረግረግ ዳር ያላችሁ፣ መምጣት ባይችሉ እንኳ በስልክ ያማክሯችኋል። ለአጎቴ ልጅ ግማሽ ሰዓት አስረድታዋለች። ብቻ ቦይ ሳትቆፍሩ ደውሉ። እኛ ከቆፈርን በኋላ ነው የደወልነው፣ መድፈኑ ከመቆፈሩ ሦስት እጥፍ ፈጀ።

ልጅቷ፣ ሽማግሌው፣ ሂሳብ ያዧ፣ የችግኝ ጣቢያው ሴቶች፣ አላህ ይስጥልን። አሳ ቤቴ ስትመጡ ሂሳብ የለም። ባለፈው ገንዘቡን ሰሃን ሥር ደብቃችሁ የሄዳችሁትን አይቻለሁ፣ ተቀይሜያለሁ።

እናቴም መልእክት አላት። «የሰርግሽ ቄጠማ ከእኔ ነው፣ ቀኑን ብቻ ንገሪኝ» ብላታለች። ልጅቷ እስካሁን ሳቀች እንጂ ቀን አልነገረችም።