ሞላሪቲ ወይስ ሞላሊቲ?

ብርዳም ጠዋት ደሴ ላይ 58.5 ግራም የገበታ ጨው መዘንኩ እንበል፤ 1 ሞል (ኬሚስቶች ቅንጣቶችን የሚቆጥሩበት መለኪያ) ነው። በውሃ አሟሟሁትና የጠርሙሱ አንገት ላይ እስካለው የ1 ሊትር መስመር ሞላሁት። 1 ሞላር ሆነ፤ ሞላሪቲ ማለት በ1 ሊትር የተሟሟ ፈሳሽ ውስጥ ያለው ሞል ነው። ግጥም አድርጌ ከድኜ ሐረጎን ወርጄ ኮምቦልቻ ስደርስ ግን ሙቀት አለ። ውሃው ተለጥጦ ከመስመሩ ሽቅብ ብሏል። ጨው አልጎደለም፣ ሞላሪቲው ግን ቀነሰ። ልዩነቱ ከ1 በመቶ በታች ነው፤ ለሽሮ ቢሆን ማንም ልብ አይለውም።

ሞላሊቲ ይህ አይነካውም። ጨውም ውሃም በሚዛን ነው፦ ሞል ለ1 ኪሎ ውሃ። ለመፍያና መቀዝቀዣ ነጥብ ስሌት እሱን ያዙ።

ለታይትሬሽን (አሲድን በቤዝ ጠብታ ገለልተኛ እያደረጉ መጠኑን ለማወቅ) ግን እኔ ሞላሪቲን አልለቅም። ቢዩሬት (ጠብታ የሚለቀው ባለ መስመር ቱቦ) የሚያሳየው ሚሊ ሊትር ነዋ! 25 ሚሊ ሊትር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ገለልተኛ እስኪሆን 20 ሚሊ ሊትር 0.1 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ከጠጣ፣ አሲዱ 0.08 ሞላር ነው።