ሌዘሩን በምን እናስረው? በጋዝ ቱቦ ወይስ በሞገድ መለኪያ?

የአየሩን ካርቦን ዳይኦክሳይድ በ1572 ናኖሜትር አካባቢ በሌዘር ስንለካ ዋናው ጠላታችን የሌዘሩ የሞገድ ርዝመት መንሸራተት ነው፤ እንዳይሸሽ ከአንድ ማመሳከሪያ ጋር እናስረዋለን። የተለመደው ዲኤፍቢ ሌዘር (በአንድ የሞገድ ርዝመት ብቻ የሚያበራ ትንሽ ሌዘር) ሙቀቱ በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲለወጥ 0.1 ናኖሜትር ያህል ይሸሻል። ጋዙ ብርሃን የሚመጥባት መስመር (ጠባብ የሞገድ ርዝመት ክልል) ደግሞ ምድር አጠገብ እንኳ ስፋቷ የዚያ ሲሶ ያህል ብቻ ነው።

የጋዝ ቱቦ (የሚለካው ጋዝ የታሸገበት፣ የሌዘሩ ብርሃን የሚያልፍበት ቱቦ)፦ ርካሽ ነው። ዳኛው ራሱ ሞለኪዩሉ ስለሆነ በጊዜ ብዛት አይዛባም፤ እኔም የማምነው ለዚህ ነው። ነገር ግን በዝቅተኛ ግፊት በጥንቃቄ መታሸግ አለበት፤ አየር ከሰረገበት መስመሩ ይሰፋል፣ ቦታውንም ይለቃል። ለማነጻጸሪያ ከመስመሩ ውጭ ለሚላከው ሁለተኛ ጨረርም ብቻውን አይበቃም።

የሞገድ መለኪያ (የሌዘሩን የሞገድ ርዝመት የሚያነብ መሣሪያ)፦ ውድ ነው። ሁለቱንም ጨረሮች ያነባል፤ ራሱ ግን በሙቀትና በግፊት ስለሚዛባ በየጊዜው ይታረማል።

ለወራት ሳይነካ ለሚሠራ ጣቢያ ቱቦው፤ ዛሬ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ነገ ሚቴን ለሚለካ ቤተ ሙከራ መለኪያው።